የሴቶች ዓምድ አዘጋጇን ፍለጋ፤ በመንዝ የርስት ደንብ

መንዝ ውስጥ መሬት የሚከራከር ሰው አያቶቹን አይረሳም ነበር። አያቶቹን ስል ወንዶቹን ብቻ ማለቴ አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወርድ፣ ባለጉዳዩ ዳኛ ፊት ቆሞ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ አባት ድረስ ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። መሐል ላይ የአንዲት ሴት ስም ከጠፋበት ሐረጉ ተበጠሰ፤ ሐረጉ ከተበጠሰ ርስቱም አለቀለት። በዚህ የተነሣ ፊደል ያልቆጠረች፣ ከአገሯ ወጥታ የማታውቅ፣ ከሞተች ዘመን ያለፋት የማማ ምድር ወይም የላሎ ምድር ሴት ስሟ በልጅ ልጆቿ አፍ ላይ ይኖር ነበር። ለፍቅር ሲባል አይደለም። ለመሬት ሲባል ነው።

እስቲ ይህንን ይዘን ከጣርማ በር ወደ አዲስ አበባ እንውረድ። እዚያ ደግሞ ፊደል የቆጠረች ብቻ ሳትሆን ጽሑፏ ሳምንት በሳምንት ማተሚያ ቤት የሚገባ፣ እሷን የማያውቃት ብዙ ሰው የሚያነብላት ሴት አለች፤ የጋዜጣ የሴቶች ዓምድ አዘጋጅ። የእሷን ስም የሚቆጥርላት ግን አይገኝም። በስሟ የሚወረስ መሬት የለማ!

የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ሕይወት ላጥና ብሎ የተነሣ ሰው የመንዙን ባለርስት ዘዴ ቢዋስ ይበጀዋል ባይ ነኝ።

የእናት ወገን ቆጠራ የባላገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣን በ1917 ዓ.ም. ያስጀመሩት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸውን ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የሚያገናኙት በሴት በኩል ነው። አባታቸው ራስ መኰንን የተወለዱት ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ነውና። ከእሳቸው ከፍ ብንል የንጉሡን እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅን እናገኛለን፤ መቀመጫቸውን ሰላ ድንጋይ ላይ አድርገው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ የነበሩትን። በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ በዚያ በኩል ወደ ሰሜን የተጓዘው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በማስታወሻው ጽፎላቸዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በዘመኑ ታላቁን ጋዜጣ ያስጀመረው ሰው የዘውድ ተስፋ በአንዲት ሴት ስም ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘውድ ያለበት ስም አይጠፋም፣ መሬት ያለበት ስም አይጠፋም። የሚጠፋው የደመወዝተኛዋ ስም ነው።

አገሩ ጸሐፊ አጥቶ ነው እንዳይባል፣ ያው የሰሜን ሸዋ ደጋ የጻፈና የመዘገበ ሰው ያፈራ አገር ነው። ከበደ ሚካኤል የመንዝ ልጅ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አሉ፤ በ1870 ዓ.ም. መርሐ ቤቴ ውስጥ ዴን በተባለ ቦታ የተወለዱት። ኅሩይ በመመዝገብ የተጠመዱ ሰው ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝራቸውን አሳተሙ። በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ፤ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን ብለው። ርዕሱን ልብ በሉልኝ። ሰውየው ገና ያልተወለድነውን እኛን አስበው ነበር የሚጽፉት። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» በሚል ርዕስ ስለ ጋብቻ የሚናገር ልብ ወለድ አሳተሙ።

ይህ የመጨረሻው መጽሐፍ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ የሴቶች ዓምድ የሚባለው ነገር የሚመላለስበት ጉዳይ፣ ማን ማንን ያግባ፣ እንዴት ይጋቡ፣ ቤቱ በምን ሥርዓት ይተዳደር የሚለው፣ አስቀድሞ በመርሐ ቤቴው ሊቅ ብዕር ማተሚያ ቤት ገብቷል። ጽዮን ሞገሳ የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ሆነች፤ የመጽሐፍ ደራሲ ለመሆን ግን ሴት ገና ወረፋዋ አልደረሰም ነበር። ይህን የምለው ኅሩይን ለመውቀስ አይደለም። እሳቸው የዘመናቸውን በር ከፍተዋል። በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ላይ ሲያርፉም ሥራቸው በእጃችን ቀርቷል። ልዩነቱም ይኸው ነው፤ ኅሩይን ላጥና የሚል ሰው የሚጀምረው ከኅሩይ መጻሕፍት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሬዲዮውም ዳግመኛ መናገር ያዘ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው ሁለት ሴቶች ጎልተው የምናያቸው።

አንደኛዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም የተወለዱ፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ። በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ወደ ወለጋ ዘመቱ፤ ተይዘው ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ፣ በ1950 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ምርጫ በተደረገበት ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ማስቀመጥ የሚቻለው ለምንድን ነው? እስር ቤት መዝገብ አለው፣ ትምህርት ቤት መዝገብ አለው፣ ፓርላማ መዝገብ አለው፤ አባትየውም የታወቁ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ በሄዱበት ሁሉ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ነበር።

ሁለተኛዋ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሳሁን ናቸው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ጋዜጠኛ ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በሬዲዮ የሠሩ፣ «ትዳር በዘዴ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ። የሴቶች ገጽ አዘጋጅ የሚባለው ሙያ በአገራችን እናት ትፈለግለት ከተባለ ከእሳቸው ሌላ የት ይኬዳል? ነገር ግን ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠራና ይታለፋል። «የመጀመሪያዋ ሴት ጋዜጠኛ ማን ትባላለች?» ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚሆን ስም ሆኖ ቀርቷል። መልሱ ከተነገረ በኋላ ጭብጨባ፣ ከዚያም ቀጣይ ጥያቄ።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት ድምፅ ነው። የዚያን ዘመን ሬዲዮ አየር ላይ ወጥቶ የሚቀር ነገር ነው። ጋዜጣ ቢያንስ ወረቀት አለው፤ እሱም ቢሆን ስኳር መጠቅለያ እስኪሆን ድረስ። በነገራችን ላይ ጋዜጣ በገጠሩ ብዙ አገልግሎት ነበረው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በሙጫ ተለጥፎ የቤት ጌጥ ይሆናል፤ ፊደል የሚለምድ ልጅም ግድግዳውን ያነባል። የሴቶቹ ዓምድም ከነምክሩ እዚያው በጭስ ጠቁሮ ያልቃል። ጋዜጣው የታሰበላት ባለቤትዮዋ እንጀራ የምትጋግረው ምናልባት ጀርባዋን ለዚያው ዓምድ ሰጥታ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስኪጀመር ድረስ አብዛኛዋ የገጠር ሴት ለማንበብ ዕድል አልነበራትም።

ሌላው ምክንያት ግን ከዚህ ይከፋል፤ ዓምዱ ራሱ እንደ ቁም ነገር አልተቆጠረም። የወጥ አሠራር፣ የልጅ አስተዳደግ፣ የቤት አያያዝ። ፖለቲካው ፊት ገጽ ላይ ነው፤ ሴቶቹ ውስጥ ገጽ ላይ። የታሪክ ተማሪም ጋዜጣውን ሲያገላብጥ ፊት ገጹን ገልብጦ ማስታወሻ ይይዝና ውስጡን ይዘለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። «ቤት» በሚለው ቃል ሥር የማይገባ ምን አለ? ልጅቷ በስንት ዓመቷ ትዳር ያለው ቤት ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት ትግባ አትግባ የቤት ጉዳይ ነው። ደመወዙን ማን ይያዘው፣ ሲፋቱ ንብረቱ እንዴት ይከፈል፣ የቤት ሠራተኛዋ ምን ይከፈላት፣ ምጥ ሲመጣ ወዴት ይኬዳል፤ ሁሉም የቤት ጉዳይ ነው። ሳንሱር ባለበት አገር ደግሞ በቤት በር ገብቶ ስለ አገር መናገር እንደሚቻል የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል። «ትዳር በዘዴ» የሚለውን ርዕስ እዩት፤ «በዘዴ» የምትለዋ ቃል ስንት ነገር ትሸከማለች!

የባሕር ማዶውን ስናይ ተመሳሳይ ታሪክ ይገጥመናል። አሜሪካ ውስጥ የሴቶች ገጽ በትልልቆቹ ጋዜጦች የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ለሴት አሳቢነት ሳይሆን ማስታወቂያ ነበር። ትልልቅ ሱቆች ገዢያቸው ሴት መሆኗን ያውቃሉና። ገጹ ቤተሰብ፣ ምግብ፣ ልብስና የቤት ዕቃ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ዶሮቲ ጀርኒ የምትባል ጋዜጠኛ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ ዋሽንግተን ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ የከተማ ዜና አዘጋጅ ሆና ሠራች። ጦርነቱ ሲያልቅ ቦታው ለወንድ ተሰጠ፤ ተተኪውን እንድታሠለጥንም የተጠየቀችው እሷው ነበረች። ጀርኒ ወደ ሴቶች ገጽ ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በማያሚ ሄራልድ ላይ ገጹን ከሠርግና ከድግስ ወሬ አውጥታ የማኅበራዊ ጉዳይ ገጽ አደረገችው። የተባረረችበትን ክፍል መልሳ በጓሮ በር ሠራችው ማለት ነው።

ጀርኒን ያነሣሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። የእሷንና የጓደኞቿን ሕይወት ዛሬ ማጥናት የተቻለው ወረቀታቸው ስለተሰበሰበ ነው። ማርጅ ፓክሰን የምትባለው ሌላዋ የሴቶች ገጽ አዘጋጅ ጋዜጣዋ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ገጹን ሲያጠፋ ከሥልጣኗ ዝቅ የተደረገች ሴት ናት። በኋላ የጋዜጣ አሳታሚ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ 50,000 ዶላር ሰጥታ የሴት ጋዜጠኞች ወረቀት የሚቀመጥበት ክምችት እንዲቋቋም አደረገች። እንዲሁም ጀርኒንና ፓክሰንን የመሳሰሉ አንጋፎች በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብለው ለሰዓታት ተጠይቀው ቃላቸው ተቀርጿል። ሲወጣ ሲወርድ ያው የመንዙ ዳኛ ሥራ ነው፤ ሽማግሌ አስቀምጦ ምስክር መስማት።

በአንድ ነገር እንዲያውም እኛ እንበልጣቸዋለን። ዶሮቲ ስትወለድ ሚዝነር ነበረች፤ ጀርኒ የሆነችው ስታገባ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንዲትን ሴት ለመከተል የባሎቿን ስም ሁሉ ማወቅ አለበት። የእኛ ሴት ግን አግብታም ፈትታም ያው የአባቷ ልጅ ናት። ሮማነወርቅ ካሳሁን ትናንትም ሮማነወርቅ ካሳሁን፣ ዛሬም ሮማነወርቅ ካሳሁን። «ወይዘሪት» የነበረው «ወይዘሮ» ከሆነ በመካከል ሠርግ እንደነበረ ማወቅ ነው እንጂ ሐረጉ አይበጠስም። ይህ ለተመራማሪ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ችግሩ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በአንዳንድ የውጭ አገር ዝርዝሮች ውስጥ ሰው የሚፈለገው በአባቱ ስም ስለሆነ ሴትዮዋን ለማግኘት መጀመሪያ ካሳሁንን ማግኘት ግድ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት፣ አንዱ «ኬ»ን ሌላው «ሲ»ን መርጦ አራት አምስት ካሳሁን ይፈጠራል። በራሳችን ፊደልም «ካሳሁን» እና «ካሣሁን»፣ «ሮማነወርቅ» እና «ሮማነ ወርቅ» አሉ፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ሠን ከሰ ለይቶ ሲያይ እንደ ድሮ የቅኔ መምህር ግትር ነው። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት አለ። አንድ ፈረንጅ «1950» ብሎ የጻፈው በእኛ 1942 ነው ወይስ ያንኑ የእኛን 1950 ቀድቶ ነው? ይህን ሳይለዩ የሰው ሕይወት ላይ ሰባት ስምንት ዓመት መጨመር ወይም መቀነስ ቀላል ነው።

ስለዚህ ፍለጋው እንዴት ይሂድ? ጋዜጦቹ ተጠርዘው በቤተ መዛግብቱ፣ በወመዘክር፣ እንዲሁም ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። መጀመሪያ ፊት ገጹን ትቶ ውስጡን ማንበብ ነው፤ ለዚያውም ፊርማ የሌለውን ጽሑፍ ጭምር። ፊርማ የሌለው ጽሑፍ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ዓምዱን ለዓመታት ያከታተለ ሰው የአንዲትን ጸሐፊ እጅ እንደ እናቱ ወጥ መለየት ይጀምራል። ደብዳቤዎቹንም አለመዝለል ነው፤ አንባቢ «ለእመቤት እገሊት» ብሎ ሲጽፍ ጋዜጣው የደበቀውን ስም እሱ ያወጣዋል። በ1950ዎቹ ይወጣ የነበረው መነን መጽሔትም ከእነዚህ ጋር ይነበባል። የቀብርና የአርባ ማስታወቂያም ትልቅ ሰነድ ነው፤ በሕይወቷ ስሟ ያልተጻፈ ሴት እዚያ ላይ ከነልጆቿ፣ ከነእኅቶቿ ትጻፋለች።

ከወረቀቱ በኋላ ሰዎቹ ናቸው። ይህ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ1950ዎቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረች የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ዛሬ ከሰማንያ አልፋለች። አጠገቧ ማን እንደተቀመጠ፣ ጽሑፉን ማን እንደሚያርመው፣ የሴቶቹ ዓምድ በማስታወቂያ ሲገፋ ማን እንደተጣላ የምታውቀው እሷ ናት። የፊደል ለቃሚዎቹ፣ የሬዲዮ ቴክኒሻኖቹ፣ የጎረቤት ልጆች። በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። በሰሜን ሸዋ ያለ ዘመድ ጋ የተቀመጠ ሳጥን ካለም እዚያም ሰላም አልነበረም፤ ጦርነቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሞላሌና መሐል ሜዳ ድረስ ደርሷል። በጦርነት ቤት ሲዘረፍ አሮጌ ደብዳቤና ፎቶግራፍ የሚፈልገው የለም፤ ግን አብሮ ይበተናል።

እዚህ ላይ የሶሺዮሎጂ ሊቁን ዶናልድ ሌቪንን ማስታወስ ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን «ሰምና ወርቅ»ን ለመጻፍ መንዝ ወጥቶ ከሰዉ ጋር ተቀምጧል፤ በኋላም ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ ተብሎ ነበር። አንድ የአሜሪካ ሰው ገደሉን ወጥቶ የመንዝን ገበሬ ትውልድና ጠባይ ለመጠየቅ ጊዜ ካገኘ፣ አዲስ አበባ ያለ የታሪክ ተማሪ በአንድ ታክሲ የሚደርስበትን የቀድሞ ጋዜጠኛ ቤት ማንኳኳት አያቅተውም።

የርስቱ ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አብቅቷል። ያን ጊዜ የተዘጋው የባለርስት መዝገብ ብቻ አይደለም፤ የሴት አያቶችን ስም ለመቁጠር የሚያስገድደውም ምክንያት አብሮ ተዘግቷል። የዛሬው የመንዝ ወጣት ከአያቱ እናት ወዲያ ስም ቢጠየቅ ብዙ አይሄድም። ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም የሚጠይቁበት ወግ አላቸው። ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው አይበቃቸውም፤ «በእናትህስ?» ይላሉ። የጋዜጠኛዋን ቤት ያንኳኳ ተማሪም ደብተሩን ሲዘረጋ ከዚያው ቢጀምር ጥሩ ነው። አለቃዋ ማን ነበር ከማለቱ በፊት፣ እናቷ ማን ይባላሉ፣ ፊደል ማን አስቆጠራት፣ እሷስ በተራዋ ሥራውን ለማን አስተማረች?